ሠራዊት ያልነበረው ንጉሥ፦ የኤዜ ንሪ ቅርስ ከእጅ ወደ እጅ

የናይጄሪያዎቹ ኢግቦዎች ስለ ንሪ መንግሥት አጀማመር የሚተርኩት እንዲህ ነው። ቹኩ የተባለው ታላቁ አምላክ ኤሪን ከሰማይ አውርዶ በአናምብራ ወንዝ አካባቢ አኖረው። ምድሩ ገና ረግረግ ስለ ነበር ኤሪ በምስጥ ኩይሳ ላይ ቆሞ ለቹኩ አቤት አለ። ቹኩም አንድ የአውካ ቀጥቃጭ ላከለትና ቀጥቃጩ በወናፉና በከሰሉ ምድሩን አደረቀለት። ኤሪ በሕይወት እስካለ ድረስ ወገኖቹ ከሰማይ የሚወርድ ምግብ ይበሉ ነበር። እሱ ሲሞት ምግቡም ተቋረጠ። ልጁ ንሪ ስለ ረሃቡ ቢያመለክት፣ የበኩር ወንድና ሴት ልጆቹን እንዲሠዋ ታዘዘ። ከወንዱ መቃብር ላይ ያም በቀለ፤ የደቡብ አገራችን ገበሬ ቦይና ከሚለው ሥር ጋር የሚዛመድ ተክል ነው። ከሴቲቱ መቃብር ላይ ደግሞ ጎደሬ በቀለ።

ይህን ትረካ እንደ ተረት ብቻ አዳምጦ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ብረት የሚሠራ እጅ፣ ምድርን የሚያነጻ ሥርዓት፣ ከሞት የሚወጣ እህል፦ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ከኒጀር ወንዝ በስተ ምሥራቅ የተነሣው የንሪ ንግሥና የቆመው በነዚህ ላይ ነው። ንጉሡ ኤዜ ንሪ ይባላል። ጦር አዝምቶ አገር አላስገበረም፤ የሚፈራውም የሚከበረውም የያምን ምርት የሚባርክና ምድርን ያረከሰ በደል የሚያነጻ እሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነበር። በአንድ መንደር ሰው ወገኑን ቢገድል ወይም ራሱን ቢሰቅል ምድሪቱ እንደ ረከሰች ይቆጠራል። ያን ጊዜ የሚጠራው የንሪ ሰው ነው። መልእክተኞቹ ግንባራቸውና ጉንጫቸው ላይ ኢቺ የሚባል ጥልቅ ጠባሳ ነበራቸው፤ በእጃቸው የሰላም በትር ይይዛሉ። ፊቱ ላይ ኢቺ ያለበትን ሰው መንገድ ላይ መንካት ነውር ስለ ነበር፣ እርስ በርሳቸው በሚዋጉ መንደሮች መካከል ሳይቀር በሰላም ያልፉ ነበር።

ንጉሡ የሚነግሥበት መንገድ ራሱ ቅርስን የመጠበቂያ ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ኤዜ ንሪ ሲሞት አልጋው ወዲያው አይያዝም። በባህሉ ቢያንስ 7 ዓመት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይረዝማል። በዚህ መካከል የሚነግሠው ሰው በምልክት እስኪታወቅ ይጠበቃል። የተመረጠው ሰው የኤሪ ወገኖች ወደሚኖሩባት ወደ አጉሌሪ ይጓዛል፤ ጠላቂ ከአናምብራ ወንዝ ወለል ጭቃ ያወጣለታል። ከዚያ እንደ ሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ የመቀበር ሥርዓት ይፈጸምበትና ገላውን ነጭ አፈር ተቀብቶ ይነሣል። ከዚያች ቀን በኋላ የሚታየው እንደ ተራ ሰው ሳይሆን ከሙታን ተመልሶ እንደ መጣ መንፈስ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በአንድ ሰው ትዝታ አይያዝም። ጠላቂው፣ አልቃሹ፣ አፈር ቀቢው፣ የአጉሌሪ ሽማግሌው እያንዳንዱ ድርሻውን ማወቅ አለበት። አልጋው ለዓመታት ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ሥርዓቱን ይዞ የሚያቆየው እንግዲህ ሕዝቡ ነው ማለት ነው።

ከንሪ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ ኢግቦ-ኡኩ በምትባለው ከተማ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ታላቅ ሰው ተቀበረ። ስሙን የሚነግረን ጽሑፍ የለም። አቀባበሩን ግን ምድር ጠብቃ አቆይታዋለች። ጉድጓዱ ተቆፍሮ በሳንቃና በምንጣፍ ተለበጠ። ሰውየው ሳይጋደም፣ ልክ በችሎት እንደ ተሰየመ ሁሉ በመቀመጫው ላይ ተቀመጠ። ክንዶቹ እንዳይወድቁ የመዳብ ድጋፍ ተደረገላቸው፤ እግሩ ሥር የዝሆን ጥርሶች ተቀመጡ። ራሱ ላይ የመዳብ ዘውድ፣ ደረቱ ላይ የመዳብ ሰሌዳ፣ ክንዱ ላይ በሰማያዊ ዶቃ የተሠራ አምባር ነበረ። አጠገቡ ጭራ ተቀመጠለት፤ የጭራው እጀታ ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ጫፉ ላይ ፈረስ የተቀመጠ ሰው ምስል አለበት። የነብር የራስ ቅል ቅርጽ ያለው የነሐስ ሥራም አብሮት ነበረ። በዙሪያው የተበተነው ዶቃ ከ100,000 ይበልጣል። ጣሪያው ከተገጠመ በኋላ ከላዩ ቢያንስ 5 ሰዎች አብረው ተቀብረዋል። ምናልባት አገልጋዮቹ ነበሩ። የሰውየውን ክብር የምንተርክ ሁሉ እነዚህን 5 ሰዎችም አብረን ልንተርክ ይገባናል፤ የሞቱት በእሱ ክብር ምክንያት ነውና።

ከዚያ ወዲህ ዘመናት አለፉ። ኢግቦ-ኡኩ ላይ ሌላ ትውልድ ሰፈረ። የቦታው ነባር ነዋሪዎች ከንሪ የወጡት የኦሬሪ ሰዎች እንደ ነበሩ በአፍ ሲነገር ቆየ፤ መቃብሩ ግን ተረሳ። ንሪም በበኩሏ ከአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ጋር ተጋፈጠች። በ18ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ አሮ የተባሉት ኢግቦዎች ንግድና ተሰሚነት እየሰፋ ሲሄድ የኤዜ ንሪ ተሰሚነት እየጠበበ መጣ። ያም ሆኖ የኢቺ ጠባሳ ክብር በሩቅ አገር ሳይቀር ተጽፎ ቀርቷል፦ ከባርነት የወጣው ኦላውዳህ ኢክዊያኖ እ.ኤ.አ. በ1789 ለንደን ላይ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የሹማምንትን ግንባር የሚያስጌጠውን ይህን ምልክት ገልጾታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ወደ ኢግቦ ምድር ሲዘልቁ ያጋጠማቸው ነገር ግራ አጋባቸው። አብዛኛው ኢግቦ በመንደር ሸንጎና በሽማግሌዎች የሚተዳደር ነበር። ንጉሥ ያለበትም ቦታ ንጉሡ ሠራዊት የለውም። ስለዚህ ከኤዜ ንሪ ይፈልጉት የነበረው ግብር ወይም ወታደር አልነበረም። የፈለጉት ሥልጣነ ክህነቱን እንዲተው ነበር። በ1911 በአልጋው ላይ የነበረውን ኤዜ ንሪ ኦባሊኬን የንሪን የነውርና የማንጻት ሥርዓት በይፋ እንዲሽር አስገደዱት። የንሪ ኃይል የተመሠረተው በዚያ ሥርዓት ላይ ስለ ነበር፣ ያለ አንድ ጥይት መንግሥቱ ፈረሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በ1911 ግን፣ በዚያው ቅኝ ገዥ መንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ኖርዝኮት ቶማስ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በንሪና በአውካ አካባቢ ካሜራውንና የድምፅ መቅጃውን ይዞ ይዞር ነበር። ኦባሊኬን ፎቶግራፍ አነሣው። ፊታቸው ላይ ኢቺ ያለባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መዘገበ፤ ዘፈንና ንግግር በሰም ሲሊንደር ላይ ቀዳ። ሥራው ለአስተዳደሩ ይጠቅማል ተብሎ የተጀመረ ነበር። አለቆቹ ግን ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ ሳጥኖቹ እንግሊዝ አገር ሄደው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተቀመጡ።

ቅኝ ገዥዎቹ ነባሩን አስተዳደር በሾሟቸው ምስለኔዎች ለመተካት ያደረጉት ሙከራ በ1929 መጨረሻ በሴቶች አመፅ ተናጠ። ከ50 በላይ ሴቶች በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ነው ባለሥልጣናቱ «እነዚህ ሰዎች ከኛ በፊት እንዴት ይተዳደሩ ነበር?» ብለው በብርቱ መጠየቅ የጀመሩት። ጄፍሪስ የተባለ የወረዳ ሹም በንሪ ሽማግሌዎች ዘንድ እየተመላለሰ ስለ ነገሥታቱ የጠየቀውን በ1934 የዶክትሬት ጥናቱ አድርጎ አቀረበው። የሕዝቡን ሥርዓት ያስሻረ መንግሥት ሠራተኛ፣ ያንኑ ሥርዓት ለመመዝገብ መቀመጡ ያሳዝናል። ግን መመዝገቡ ጠቅሟል። በ1937 ንሪ አዲስ ንጉሥ አነገሠች፤ ታባንሲ ይባላል። አልጋው በሥርዓቱ የተያዘ ነበር። እንግሊዝ የሻረውን ሕዝቡ አልሻረውም ነበር።

ታባንሲ በነገሠ በዓመቱ፣ በ1938፣ አይዛያ አኖዚ የተባለ የኢግቦ-ኡኩ ነዋሪ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ለማበጀት በግቢው ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ብዙም ሳይወርድ ዶማው ከነሐስ ጋር ተጋጨ። አንዱን ሲያወጣ ሌላው ይከተላል፤ ያጌጡ ሳህኖች፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰሉ ዕቃዎች። ጎረቤቶቹ ዕቃዎቹ መድኃኒት ወይም በረከት እንዳላቸው በማመን አንዳንዱን ይዘው ሄዱ። ወሬው ጄ. ኦ. ፊልድ የተባለ የአካባቢው ረዳት አስተዳዳሪ ዘንድ ደረሰ። እሱም ብዙዎቹን ገዝቶ በ1940 ስለነሱ በአንድ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ጻፈ፤ በ1946 ደግሞ ለናይጄሪያ ሙዚየም አስረከባቸው። ለግል ስብስቡ አስቀርቷቸው ወይም ሸጧቸው ቢሆን ኖሮ ማንም የሚጠይቀው አልነበረም፤ ስለዚህ ውለታው ሊጠቀስለት ይገባል።

አይዛያ ጉድጓዱን ከቆፈረ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ናይጄሪያ ነፃነቷን ልታገኝ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ የቅርስ መሥሪያ ቤቷ ተርስታን ሾው የተባለውን እንግሊዛዊ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ወደ ኢግቦ-ኡኩ ጋበዘ። በ1959 እና በ1960 መካከል ሾው ከአካባቢው ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአይዛያ ግቢ፣ ቀጥሎም በሪቻርድ አኖዚ ግቢ ቆፈረ። በ1964 ተመልሶ መጥቶ በጆና አኖዚ ግቢ ቆፈረ። ቦታዎቹ እስከ ዛሬ በባለግቢዎቹ ስም ኢግቦ አይዛያ፣ ኢግቦ ሪቻርድና ኢግቦ ጆና ይባላሉ። ቅርስ በተገኘበት ቦታ የገበሬው ስም ተረስቶ የፈረንጁ ብቻ በሚቀርበት ዓለም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኢግቦ አይዛያ የንዋያተ ቅድሳት ማስቀመጫ ቤት ነበረ፤ ዕቃዎቹ ከሺህ ዓመት በፊት እንደ ተደረደሩ ነበር የተገኙት። ከነሱ መካከል አንዱን ብቻ ቀርበን እንመልከተው። 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የነሐስ እንስራ ነው፤ በማስቀመጫው ላይ ቆሟል። እንስራው ከአንገቱ በታች እስከ ማስቀመጫው ድረስ በገመድ መረብ ተሸፍኗል። ገመዱም ነሐስ ነው። እያንዳንዱ የገመድ ፈትል ሲጠመዘዝ፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይታያል። ባለእጁ ይህን የሚሠራው አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ወይም በዛፍ ሙጫ አበጅቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰው በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ በማፍሰስ ነው። እንስራውን በአንድ ጊዜ አላፈሰሰውም። ክፍል በክፍል ሠርቶ በቀለጠ ነሐስ አያይዞታል። በሌሎቹ ዕቃዎች ላይ ዝንብ፣ ጢንዚዛና ፌንጣ ተቀርጸዋል፤ አንዳንዶቹ ከጥፍር አይበልጡም። ይህን የሠራው ሰው ዝንብን አተኩሮ የተመለከተ ሰው ነው።

በሦስቱ ቦታዎች በጠቅላላው 165,000 ገደማ ዶቃ ተገኘ። በካርቦን 14 ምርመራ ከወጡት 5 ውጤቶች 4ቱ ወደ 9ኛው መቶ ዓመት አመለከቱ፤ አንዱ ከተቀበረው ሰው መቀመጫ እንጨት የተወሰደ ነበር። አምስተኛው ወደ 15ኛው መቶ ዓመት አዘነበለ። ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ምሁራን አፍሪካዊ ባለእጅ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት፣ በደን ውስጥ፣ ይህን ሁሉ መዳብ ከየት አመጣ ብለው ጠየቁ፤ የኋለኛውንም ዘመን መረጡ። በ1989 የታተመ የማዕድን ጥናት መዳቡና እርሳሱ ከዚያው ከናይጄሪያ ምድር የወጣ መሆኑን አሳየ። የዶቃው ብርጭቆ ግን አብዛኛው ከሩቅ፣ በሰሐራ የንግድ መንገድ በኩል የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ አዳዲስ ምርመራዎች ዘመኑን ጥቂት ወደ ፊት፣ ወደ 11ኛውና ወደ 12ኛው መቶ ዓመት ይገፉታል። ያም ሆነ ይህ ሥራው ፖርቱጋሎች በባሕሩ ዳርቻ ከመታየታቸው ብዙ አስቀድሞ የተሠራ ነው።

ሾው ውጤቱን እየጻፈ ሳለ አገሪቱ በጦርነት ተያዘች። ከሐምሌ 1967 እስከ ጥር 1970 የዘለቀው የቢያፍራ የመገንጠል ጦርነት የኢግቦን ምድር በረሃብና በጥይት አወደመ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመውን አስታራቂ ኮሚቴ የመሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በነሐሴ 1968 የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ንግግር አድርጓል፤ ድርድሩ ግን ፍሬ አላፈራም። ብዙ የኢግቦ የአምልኮ ምስሎች ከየቤተ ጣዖታቸው ተዘርፈው ወደ ውጭ ገበያ የወጡት በእነዚያ ዓመታት ነው። የሾው ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ የታተመው ጦርነቱ ባበቃበት በ1970 ነበር። ተሸንፎ፣ ተርቦ፣ ንብረቱን አጥቶ ለተቀመጠ ሕዝብ ይህ መጽሐፍ አያቶቹ ምን እንደ ነበሩ የሚመሰክር ሰነድ ሆነ። የኢግቦ-ኡኩ ሰዎች ለሾው የማዕረግ ስም የሰጡትም በከንቱ አይደለም።

ሆኖም ሾው አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት ሊመልስ አልቻለም፦ የተቀበረው ሰው ማን ነው? ይህን ጥያቄ አንሥቶ የያዘው ኢግቦው አንትሮፖሎጂስት ማይክል አንጉሉ ኦንዉጄኦጉ ነበር። እሱ የመረጠው መንገድ ነው ከሁሉ የሚደንቀኝ። ዶማ ከማንሣት ይልቅ ወደ ንሪ ሄዶ በሕይወት ካሉት ባለማዕረጎች ጋር ተቀመጠ። በነሐስ ተቀርጸው የወጡት ትንንሽ የሰው ራሶች ፊት ላይ ያለውን መስመር፣ የንሪ ሽማግሌዎች ፊት ላይ አገኘው፤ ኢቺ ነው። የዝሆን ጥርስ ዛሬም የትልቅ ማዕረግ ምልክት ነው። የነብር ክብር፣ ከአገልጋይ እጅ የማይለየው ጭራና ማራገቢያ፣ ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ ሁሉም ባለቤት ነበረው። ከዚህም ተነሥቶ የተቀበረው ሰው ከንሪ ነገሥታት ወገን ነው አለ፤ የኦሬሪንም ትውፊት ምስክር አድርጎ ጠራ። ሁሉም ምሁር አልተቀበለውም። ሰውየው ንጉሥ ሳይሆን ባለማዕረግ ካህን ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን የኦንዉጄኦጉ ክርክር ክብደት ያለው ይመስለኛል፤ ዕቃው በሙዚየም መስታወት ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ አይናገርም ነበር። እንዲናገር ያደረገው ሥርዓቱን እየኖሩ ያቆዩት ሰዎች መኖራቸው ነው።

ኦንዉጄኦጉ በዚህ አላበቃም። ከኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ጋር ሆኖ በ1972፣ ጦርነቱ ካበቃ 2 ዓመት ብቻ እንዳለፈው፣ እዚያው ንሪ ውስጥ ኦዲናኒ ሙዚየም እንዲቋቋም አደረገ። በ1981 የንሪን መንግሥት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። ጊዜው የደረሰ ሥራ ነበር፤ ብዙ ነገር የነገሩት ኤዜ ንሪ ታባንሲ በ1979 አርፈዋልና። አልጋው እንደ ሥርዓቱ ክፍት ሆኖ ቆይቶ በ1988 ኤዜ ንሪ ኤንዌሌአና 2ኛ ነገሡ።

ኖርዝኮት ቶማስ ወደ እንግሊዝ የወሰዳቸው ፎቶግራፎችና ድምፆችም በመጨረሻ የመመለስ ዕድል አገኙ። ከ2018 ጀምሮ በአንትሮፖሎጂስቱ ፖል ባሱ የተመራ አንድ የምርምር ፕሮጀክት ምስሎቹን እያተመ ወደ ተነሡባቸው መንደሮች ወሰደ፤ ሰዎችም የቅድመ አያቶቻቸውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። በአንጻሩ በ2020 ክሪስቲ የተባለው የጨረታ ድርጅት ፓሪስ ላይ ሁለት የኢግቦ የአምልኮ ምስሎችን ለሽያጭ አቀረበ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ቺካ ኦኬኬ-አጉሉ በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ የተዘረፉ ናቸው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ፤ የናይጄሪያ ሙዚየሞች መሥሪያ ቤትም ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ። ድርጅቱ ግን ግዢው ሕጋዊ ነው በሚል ጨረታውን ቀጠለ፤ ምስሎቹም በ212,500 ዩሮ ተሸጡ።

በኢግቦ-ኡኩ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ፣ ሾው ከቆፈረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በኋላ፣ በአብዛኛው ናይጄሪያውያን የሆኑ ተመራማሪዎች ተመልሰው ቁፋሮ ጀምረዋል። ጥንታዊው ሰፈር ከሦስቱ የአኖዚ ግቢዎች በጣም የሰፋ መሆኑን የሚያሳዩ ቅሪቶች አግኝተዋል። ከተማዋ ግን እያደገች ነው፤ ቤት ይሠራል፣ መሠረት ይቆፈራል፣ የውኃ ጉድጓድም ይወጣል። ሾው ያልደረሰባቸው ቦታዎች ከሚሠሩት ቤቶች በፊት ይጠኑ ዘንድ፣ ተመራማሪዎቹ የባለግቢዎቹን በር ማንኳኳትና ፈቃዳቸውን መጠየቅ አለባቸው።